መራጯ
ጣሊያኑ ሹም ሥጋ የሞላውን ሳህን በገዛ እጁ አንሥቶ ልጅቱ ፊት ሲያስቀምጥ፣ በጎንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት በር ላይ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው እናቷ ቢላዋዋን አቆመች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደቅኗል፤ ሮም ድረስ የሚላክ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ተብሏል። ልጅቱ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳህኑን ሳትነካ ቀረች። ‹‹ምነው፣ ዛሬ እንኳ ባታዋርጅኝ!›› አለች እናት በሆዷ። ይህች ልጅ እቤት ከወጥ ውስጥ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ገበታው ዳር የምትደረድር መራጭ ናት፤ ትናንት እንኳ በዚሁ ጆሮዋን ተቆንጥጣለች።

ሹሙ ጮኸ። ልጅቱ ተነሣች። ደረቁን የፉርኖ ዳቦ ብቻ ይዛ ወደ እናቷ መጣች፤ ከሽንኩርቱ ቅርጫት አንድ የተላጠ ጥሬ ሽንኩርት አነሣችና ገመጠችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ማላመጧን ግን አላቆመችም።

‹‹እማዬ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። እኔም ሰባት ዓመት ሞልቶኛል›› አለች።

እናት የልጅቱን ክሳት እያየች፣ ‹‹ጹሚ›› ለማለት አንጀቷ አልችል ብሏት ነበር የከረመችው። ከልጅቱ ኋላ ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሌሎቹም ልጆች ሥጋውን ትተው፣ ፉርኗቸውን ይዘው ወደ ቅርጫቱ መጡ።

‹‹ምን ሆነው ነው? ሹሙ ይጠይቃል›› አለ የሹሙ አስተርጓሚ ላቡን እየጠረገ።

እናት ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

‹‹መራጮች ናቸው፣ አያ›› አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ‹‹የእኔዋማ ከሁሉም የባሰች ናት።››