ቆሞ የተለካ ብርድ ልብስ

«አጠረኝ አባዬ፤ እግሬ ውጭ ቀረ» ትላለች ሕሊና፣ በልብስ ስፌት ሱቁ ወለል ላይ በተነጠፈው ሰሌን ተጋድማ፣ ከአሮጌው አንሶላ ስር ሆና።

አባቷ ወልደ ዮሐንስ ዘወር ብሎ አያይም። ፊቱን ወደ አራዳ መንገድ መልሶ ሜትሩን በጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ዝናቡ አሁን ገና አባርቷል። ጉሙ እስከ ሱቆቹ ደጃፍ ወርዷል፤ በበሩ የሚያልፈው ባጃጅ እንኳ ድምፁ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል።

«ምነው ሸጋ አርጌ ለካሁሽ እኮ! ከቁመትሽ ላይ አንድ ስንዝር ጨምሬበታለሁ።»

«እስከ አንገቴ ቢሆንማ ይበቃኝ ነበር። ራሴን ሳልሸፍን እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ?»

እውነቷን ነው። በዚህ ብርድ አገር ራሱን ሳይሸፋፍን የሚተኛ ማን አለ? በስልኳ ብርድ ልብስ ሲሰፋ ያሳየችው ፈረንጅ ግን አፍንጫውን ለሰማይ ሰጥቶ ነው የሚተኛው፤ ወልደ ዮሐንስም የዋህ ሆኖ የእሱን አሠራር ተቀበለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው የቄስ ካባና የመቅደስ መጋረጃ ነው። ካባ በቆመ ሰው ላይ ይለካል፣ መጋረጃ ይሰቀላል። የሚያንቀላፋ ሰው ልክ በእሱ ቤት አይታወቅም።

ደግነቱ አንሶላው ለሙከራ ነው። የብርድ ልብሱ ዋና ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ተራራ የመራቻቸው እንግዶች ሲሄዱ ለሕሊና የተዉላት ሰማያዊ የድንኳን ጨርቅ፣ ሲነኩት የሚንሾካሾክ። ሌላ አይገኝም፤ መቀስ አንዴ ከገባበት አበቃ። ከጎኑ መሃሉን የሚሞላው፣ ከማክሰኝት የመጣው የበግ ፀጉር ታጥቦና ተፈልቅቆ በከረጢት ተሞልቷል። ነፋስ በገባ ቁጥር ጥቂቱ እየተነሳ በሱቁ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ የት እንደሚያርፍ የቸገረው ይመስላል።

ከነገ ወዲያ ሕሊና እንግዶቿን እየመራች ከደባርቅ በላይ ወደ ተራራው ትወጣለች፤ ድንኳን ውስጥ ታድራለች። ባለፈው ስትመለስ ከብርዱ የተነሳ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት የጫማዋን ክር የፈታላት እሱ ነው።  አትሂጂ አላላትም፤ ቢላትም እንደምትሄድ ያውቃል፣ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችም ያውቃል። ስለዚህ የስሜንን ብርድ በመርፌ ሊከለክል ተነሳ።

«እንደተኛሁ ለካኝ» ትለዋለች።

«ተነሽ፣ ቁሚ።»

«አባዬ፣ ቆሜ አልተኛም እኮ!»

«ቁሚ ብያለሁ።»

«ምነው አሁን?»

ሜትሩ ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። «እኔ ሰው እንደተኛ የለካሁት አንድ ጊዜ ነው» ይላል ወደ መንገዱ እንዳየ። «እናትሽን። ለመግነዟ።»

ከቆርቆሮው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።  «አላወቅሁም» ትላለች ሕሊና፤ እሱም አሁን ትነሳለች ብሎ ይጠብቃል። አትነሳም። «እሺ አትለካኝ። እንዴት እንደምተኛ ብቻ እይልኝ» ትልና በጎኗ ዞራ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ አንሶላውን ከአናቷ በላይ ትስበዋለች።

ወልደ ዮሐንስ እየፈራ ዘወር ይላል።

እናቷ እናኑ እንዲህ አልነበረችም። የእናኑን ጉልበት ያቃናው እሱ ራሱ ነው፤ እጇን አስተካክሎ፣ የእግሯን አውራ ጣቶች በክር አስሮ። ሬሳ ይቃናል። ይቺ ግን ጥቅልል ብላለች፤ ጉልበቷ አንሶላውን ገፍቶታል፣ አንዱ ተረከዟ ሌላውን ያካል። ልጅ ሳለች አልጋው ጥግ እንዲሁ ተኮራምታ ነበር የምታድረው። «እሰይ!» ይላል ሳያስበው፣ ጮክ ብሎ።

ይንበረከክና መለካት ይጀምራል። ከአናቷ እስከ ተረከዟ ከገመተው ያንሳል፤ ከጀርባዋ እስከ ጉልበቷ ይበልጣል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ያሰላል። ከቁመቱ የተረፈው ወደ ወርዱ ይሂድ። እግሯን መዘርጋት ቢያምራት ትንሽ ይጨመር። የውጪው ጨርቅ ከውስጠኛው ይስፋ፤ እኩል ከሆኑ ፀጉሩ መሃል ይጨፈለቅና ሙቀት አይዝም። ለስፌቱም ሁለት ጣት። ይደምራል፣ በመዳፉ ያጠፋል፣ እንደገና ይደምራል። ጨርቁ ይበቃል። በእርግጥ ይበቃል!

አንዲት ልክ ቀርታዋለች፤ ከሰሌኑ ተነስታ፣ ጎኗን ተሻግራ፣ በወዲያ በኩል ሰሌኑ ላይ የምትወርደው።

«ሕሊና፣ እንዳትንቀሳቀሺ።»

 ከደባርቅ በጠዋት ተነስታ የመጣች ልጅ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። አንዲት የፀጉር ብናኝ ወርዳ አንሶላው ላይ ታርፋለች።

ሜትሩን በጎኗ ላይ አሳልፎ ቁጥሩን ለማየት ያጎነብሳል። ቁጥሩ አልቆም ይለዋል። አየር ስትስብ ሜትሩ ከጣቶቹ መሃል ሹልክ እያለ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ስታወጣ ይላላል። ስታወጣ የሚታየውን ትንሹን ቁጥር ሊጽፍ ጠመኔውን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል።

«አየሩን ሳቢ ልጄ፣ በደንብ ሳቢ» ይላል በለሆሳስ። ጣቶቹን አላልቶ ሜትሩን ይለቅላታል፤ ደግማ እስክትስብም ይጠብቃል።