ጥላ ስር ያልሻገተው ማንጎ

"ትሪዬን ማን ነው የሚነካው?"

ኑኃሚን ሁለት ትሪ ማንጎ ፊት ቆማ ዕንባዋ መጥቷል…

ነገሩ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ነው። ማንጎ ሲደርስ ከሰው ተርፎ መሬት ላይ የሚበሰብስበት።

ልጅቷ ለትምህርት ቤት "ፍራፍሬ ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል?" የሚል ሙከራ አዘጋጅታለች።

በስሱ የተቆረጠ ማንጎ… አንዱ ትሪ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ዛፍ ጥላ ስር።

የፀሐዩ ይደርቃል፣ የጥላው ይሻግታል። ይህንን አሳይታ በዞኑ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ትምህርት ቤቷን ልትወክል ቋምጣለች።

ግን የጥላውም ደረቀ… እንደ ፀሐዩ ጣፍጦ።

አባቷ አቶ ካሱ ወዲያው ፈረዱ። "ከጎረቤት ሌላ ማን ይሆናል?"

ጎረቤት ማለት ባለሱቋ እትዬ ኸይሪያ ናቸው። የኑኃሚን እናት ሻሺቱ ካረፈች በኋላ ሁለቱ ቤት በአጥር ድንበር ተጣልተው፣ ሰላምታ እንኳ የለም።

ቅዳሜ ኑኃሚን ማዕድ ቤት ተደብቃ ጠበቀች።

አባቷ እንደወጡ የግቢው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ… እትዬ ኸይሪያ!

የጥላውን ትሪ ወደ ፀሐይ ሳቡት። ማንጎውን አንድ በአንድ ገለበጡት።

"እትዬ… ምን እያደረጉ ነው?"

ሴትዮዋ ደነገጡ። "ወላሂ ጥላ ላይ የረሳሽው መስሎኝ ነው ልጄ… አባትሽ እንዳያውቅብኝ ሳትመጪ እመልሰዋለሁ።"

"ግን ለምን?"

"እናት የሌላት ልጅ፣ ስጥ ማስጣት ማን ያሳያታል ብዬ… እናትሽ እኮ ዳመና ከአባያ በኩል ሲመጣ፣ የራሷን ስጥ ትታ የኔን በርበሬ ነበር የምታስገባው።"

ወይ ያ ጊዜ… ማካፋት ሲጀምር "ስጥ አስገቡ!" ይባላል፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ራሴ በልጅነቴ የስንቱን ጎረቤት በቆሎ አፍሼ ሮጫለሁ። ናፈቀኝ።

ሰኞ መምህር አሸናፊ ጠየቋት። "የጥላው ለምን አልሻገተም?"

የበሰበሰ ማንጎ ከመንገድ አንስታ ትሪው ላይ ብታደርግ ማንም አያውቅባትም ነበር…

"ጎረቤት ነበረው፣ ቲቸር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አሉ… ግን ሙከራ ሙከራ ነው፣ ሌላ ተማሪ ተመረጠ።

ቤት ገብታ ሁሉንም ለአባቷ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ።

እትዬ ኸይሪያ ከሱቅ ሮጠው ሲደርሱ፣ ግቢያቸው ባዶ ነው… ያሰጡት በርበሬ የለም።

ወደ በረንዳው ዞር አሉ። በርበሬው ተሰብስቦ ላስቲክ ለብሷል… አጠገቡ አቶ ካሱ፣ ሸሚዛቸው በዝናብ ርሶ።

"ሻሺቱ ብትኖር ትቀድመኝ ነበር" አሉ።

ወዳጆቼ… ፍሬ በፀሐይ ይቆያል። ጉርብትና የሚቆየው ግን ዝናብ ሲመጣ በሚሮጥልን ሰው ነው።

እናንተስ… አሁን ቢዘንብ ስጣችሁን የሚያስገባላችሁ ማን ነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት።

ተኳርፋችሁ ከሆነ ደግሞ… ዳመናውን አትጠብቁ።