የሳርሃምና የአብራ ትዳር

የሰርግ ምርቃት በአንድ ኩባንያ ስም ከተመዘገበ ወዲህ፣ ፈቃዱን ያላሳደሰ ሰው ሲመርቅ በየሰዉ ጆሮ የተሰካው መስሚያ ቃሉን ዋጥ ያደርገዋል። በትርንጎ ሰርግም የተማረ የሚባለው እንግዳ ተገኔ ተነሥቶ «የአብርሃምና የሳራ» ሊል ሲል ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሙሽራዋ እንባ አቀረረች። ሳትመረቅ እንዴት ከእናቷ ቤት ትውጣ?

አጎቷ ሞላልኝ ግን በሆዱ «እሰይ!» አለ። አራተኛ ክፍል አብረው ሳሉ፣ የሞላልኝ ምላስ በተጠላለፈ ቁጥር ክፍሉን የሚያስቅበት ይኸው ተገኔ ነበር።

«አጎቴ፣ እስቲ አንተ መርቀን!» አለችው ትርንጎ።

ተነሣ። ምላሱም አላሳፈረውም፤ እንደ ልማዱ ተጠላለፈ።

«ትዳራችሁን የሳርሃምና የአብራ ያድርግላችሁ!»

ጥርት ብሎ ተሰማ! ስህተትን ማን ያስመዘግባል? ዳሱ በአሜንና በሳቅ ተናጋ፤ የተገኔ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ይህ አዲስ ምርቃት ነው። በስምዎ ልመዝግበው?» አለው መስሚያው።

«እንዴታ! የኔ ነው!» አለ ሞላልኝ፣ ተገኔን በዓይኑ እየወጋ።

ትርንጎ እየተፍለቀለቀች ወደ ባሏ ዞራ ያንኑ ምርቃት ልትደግምለት አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም።

ሞላልኝ ክው አለ። ከዚያ እንደ ጉድ እየሳቀ ጮኸ።

«አበላሽተሽ በይው፣ የኔ ልጅ! አበላሽተሽ!»