ለባለቤት ብቻ

ባሏ «አንድ ጓደኛዬ በየዓመቱ ሪዞርት የሚያርፍበትን የአባልነት ነጥቡን አከራየኝ» ብሎ ቢሾፍቱ ያለ ሪዞርት አመጣት። ቦታውን ረግጣው አታውቅም።

እራት ላይ አስተናጋጇ በሩ ላይ አስቆመቻት።

«የነጥቡ ባለቤት ነዎት?»

«አይ፣ ተከራይተን ነው።»

«እንግዲያው የነፃው እራት አይመለከትዎትም እትዬ፤ ለባለቤት ብቻ ነው።»

«ያ ዓሣ የሚግጠውስ?» ባሏ ቀድሟት ገብቶ፣ ዘይቱ በአገጩ እየወረደ ጣቱን ይልሳል። አስጠላት።

«ጋሽ ምናሴማ ባለቤት ናቸው። እሳቸውና ሚስታቸው በነፃ ነው የሚበሉት።»

«ነጥቡ የራሱ ነው?»

«የራሳቸው ነዋ!»

«ሚስቱ እኔ ነኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

አስተናጋጇ አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ባለፈው አብራችሁ ስትመጡ ሆድዎ ገፍቶ ስለነበር አላወቅኩዎትም እኮ። እንኳን ማርያም ማረችዎት!»

ባሏ ከውስጥ፣ በላሰው ጣቱ፣ ነይ ነይ አላት።