የተረፈው ግማሽ ዳቦ

ጠግቦ የሚነሳ ሰው፣ መጥገብ ለተሳነው ሰው ስለ ቆራጥነት ሲሰብክ ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? በሠራተኞች ክበብ ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር። ሰሞኑን ሰውነቷ የቀነሰው የሒሳብ ሠራተኛ ዳቦዋን ግማሽ ላይ ትታ ሳህኑን ገፋ ስታደርግ ሥራ አስኪያጁ አዩዋት። «እዩልኝማ! ቆራጥነት ይሏል ይሄ ነው፤ አፍን መዝጋት ብቻ!» አሉና ወደ ወፍራሙ ሾፌር ዞሩ። «አንተስ በርሜሉ፣ መቼ ነው ከእህትህ የምትማረው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ፤ ወደ አፉ ያነሳው ማንኪያ ግን ተመልሶ ሳህኑ ላይ አረፈ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ያንን ማንኪያ ታውቀው ነበር። እሷም ሆዷ ሞልቶ ረኃቡ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ፣ ሰው ሲያያት እንዲሁ ስታወርድ ኖራለች። ያንን ጩኸት ዝም ያሰኘላት በየሳምንቱ ሆዷ ላይ የምትወጋው የክብደት መቀነሻ መርፌ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም፤ ዝም ካለች ሙገሳው የእሷ ነው። ነገር ግን ደከማት፤ ለመዋሸት እንኳ አቅም የሚያሳጣ ድካም።

«ይስሙኝ ጋሼ፣ ቆራጥ ሆኜ አይደለም» አለች። «መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎቴን ቀነሰልኝ፣ ቶሎ እጠግባለሁ፣ በቃ። ድሮም አፌን ዘግቼ ነበር፤ አልዘጋ ያለው ረኃቡ ነው።» ግማሹን ዳቦ ወደ እሳቸው ገፋችው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሆዳም ሲሉኝ የኖሩት በምን አውቀው ነው? መልሱን ቢሮ ጠርተው ለብቻዬ እንዳይነግሩኝ። የሳቁት ሁሉ እዚህ አሉ፤ እዚሁ፣ በርሜሉ ባሉትም ሰው ፊት፣ ይመልሱልኝ።»