በአንድ እጅ ማደግደግ

ስሙ በተጠራ ጊዜ ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ግንብ ጥግ ተነሣና ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። ሳያደገድጉ ዳኛ ፊት መቅረብ ነውር ነው። ቀኝ ክንዱን የመንግሥት ጣውላ ቤት መጋዝ ከክርኑ በላይ ቆርጦበት፣ «ጉዳትህ ለጡረታ አያበቃም» ሲባል ይግባኝ ካለ ሦስት ዓመት አለፈው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያደገደገችለት ሚስቱ ነበረች። ዳኛ ታመመ፣ መዝገብ ጠፋ፣ ክረምት ገባ እየተባለ ቀጠሮው ሲገፋ፣ እሱ ኮልፌ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁና በጥርሱ ማደግደግን ተለማመደ።

ዛሬም ሚስቱ ልታግዘው እጇን ስትሰድ «ተይው፣ እኔው ራሴ» አላት። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሌላውን ወገቡ ላይ አዞረና ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ጥለቱ አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም። ደስ እያለው ገብቶ እጅ ነሣ።

ከንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ሥር የተቀመጡት ዳኛ መዝገቡን ሳይገልጡ ወገቡን አዩት።

«ማነው እንዲህ አሳምሮ ያደገደገልህ?»

«እኔው ነኝ ጌታዬ! በዚችው በአንዷ እጄ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ጎበዝ!» አሉ ዳኛው ከልባቸው ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ። ባለጉዳዩ በቀረው እጁ ሠርቶ ማደር እንደሚችል ችሎቱ በዓይኑ አይቷል።»

ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። የሰውየው እጅ ቀስ ብላ ወደ ቋጠሮው ሄደች። ጠብቆ ታስሮ ኖሮ፣ አልፈታ አላት።