ፈራሚው ልጅ

የወይዘሮ አስካለን ግራ ዓይን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ካጠፋው ቆይቷል። ቀኙ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ግፊቱ አልወርድ ስላለ፣ በሦስተኛው ሐኪሞቹ ግፊቱን የሚለካና ዓይኑ የሚያየውንም ወደ ስልክ የሚልክ ቱቦ አስገቡበት። ሕጉ እንዲህ ላለው ዓይን ፈራሚ ዘመድ ይጠይቃል፤ ፈራሚው የታማሚው ዓይን የሚያየውን ሁሉ በስልኩ ማየት ይችላል፤ ፊርማውም አይሰረዝም። ልጃቸው ይትባረክ ፈረመ።

«ግፊቱን ልከታተል ብዬ እንጂ ሌላውን አላይም፣ እማዬ» አላቸው። አመኑት።

ሲሻላቸው መጀመሪያ የሄዱት ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ አዳማ ወደተደበቀችው ልጃቸው ወደ ትርሲት ነበር። ፊቷን ጠግበው አዩት። በሦስተኛው ቀን ባሏ በሯን ሰብሮ ገባ። ጎረቤት ደርሶ አስጣላት።

«አንተ ነህ የነገርከው?» ሲሉ ይትባረክን ጠየቁት።

«ባሏ እኮ ነው፣ እማዬ። ይታረቁ ብዬ ነው።»

«በእኔ ዓይን» አሉት።

ትርሲት ሌላ ከተማ ቤት ተከራየች። እናቷን መናኸሪያ ተቀብላ ቀኝ ዓይናቸውን በጥቁር ሻሽ አሰረችና እየመራች ወሰደቻቸው። ቤት ገብተው ሲቀመጡ ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ። ጣታቸው ቅንድቧ ላይ ካለው ስፌት ሲደርስ ቆመ።